ቮልቱ የት ቀረ?

ኅዳር ላይ፣ የአዲስ አበባ ብርድ በሚጠነክርበት ማለዳ፣ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ የቆመች ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። አቋቋሟ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ባለቤቷ ማታ ሲያቆማት የጠዋቱን አስቦ ነው። ጠዋት ገብቶ ቁልፉን ያዞራል። ከኋላ ወንበር ሥር «ጭቅ» የሚል አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም። ደግሞ ያዞራል፤ ደግሞ «ጭቅ»። የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አስተያየት አለው፤ አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ሞተሪኖው ነው» ይላል። በመጨረሻ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ገፋ ያደርጓታል፤ ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቃል፤ ሞተሩም ያንን የታወቀ ድምፁን እያሰማ ይነሣል። ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፦ ተገፍታ ከተነሣች የሞተው ሞተሪኖው ነው። በሳምንቱ ከሶማሌ ተራ የታደሰ ሞተሪኖ ተገዝቶ ይገጠማል፤ መኪናዋም አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርጓት መነሣት ትጀምራለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ያው «ጭቅ» ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ታሪክ በየሰፈሩ የሚደገመው ጥያቄው ከመነሻው ስለሚሳሳት ነው። «የትኛው ዕቃ ሞተ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዕድሜ የጠገበ መኪና አልነሣ ሲል ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ቮልቱ የት ቀረ?» የሚለው ነው። ባትሪው የሰጠው ኃይል ሞተሪኖው ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ማሰሪያ፣ ብሎን፣ ገመድና የብረት ገጽ ያቋርጣል፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በቅድሚያ የሚያረጀውም በአብዛኛው ይኸው መንገድ ነው። መንገዱ የበላውን ቮልት ደግሞ በዓይን አይቶ ወይም ዕቃ ቀይሮ ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ያውም ኤሌክትሪኩ እየተጓዘ ሳለ በመለካት። ቮልስን ለምሳሌነት የመረጥኩት አሠራሯ ይህን እውነት ከሌላው መኪና ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣች መኪና ናት። በእኛም አገር ታሪክ የማይረሳ ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ስለዚህ ቮልስም ሆነች ዲኤክስ፣ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ትነዳለች፤ ችግሯን በትክክል ማወቅም የብዙ ቤተሰብ የኪስ ጉዳይ ነው።

ለምን መንገዱ ላይ እንደማተኩር ለመረዳት ሞተሪኖ የሚጠይቀውን ኃይል ማየት ይበቃል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ ላይ ተገጥሞ ለገበያ ሲወጣ ሰውን ከእጅ ማንቬላ ገላገለው፤ ገመዱንና ማሰሪያውን ግን መኪናው ላይ ሌላ ዕቃ የማያመጣው ሸክም ጫነበት። የግንባር መብራት አንዱ ወደ 4 አምፔር ያህል ይወስዳል። ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፤ ብርድ ሲሆን፣ ዘይቱም ሲወፍር የበለጠ ይጨምራል። የፊዚክስ ሊቁ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ እንደሚለው የሚጠፋው ቮልት የአምፔሩና የመንገዱ ተቃውሞ ብዜት ነው። እንግዲህ በባትሪው ፖሎና በማሰሪያው መካከል የአንድ ኦም መቶኛ፣ ማለትም 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ተፈጥሯል እንበል። መብራት ሲበራ የሚጠፋው 0.04 ቮልት ነው፤ ማንም አያውቀውም። ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲጠይቅ ግን 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ200 ዋት በላይ የሆነ ጉልበትም በዚያች ጠባብ ቦታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከሙከራ በኋላ ማሰሪያውን በእጅ ሲነኩት የሚፋጀው ለዚህ ነው። የሠርግ ድንኳን መግቢያን አስቡት። አንድ ሰው ሲገባ በሩ ሰፊ ነው፤ ሙሽራው መጣ ተብሎ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲግተለተል ያው በር ይጠባል። መብራቱ አንድ እንግዳ ነው። ሞተሪኖው ሠርገኛውን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ከዚህ በመነሣት በየጋራዡ የተለመዱ ሁለት ማስረጃዎች ይወድቃሉ። የመጀመሪያው «መብራቱ ደማቅ ነው፣ ጥሩንባው ይጮኻል፣ ስለዚህ ባትሪውና ገመዱ ደኅና ናቸው» የሚለው ነው። መብራትና ጥሩንባ ጥቂት አምፔር ስለሚጠይቁ በጠባቡም በር ያልፋሉ፤ ስለ ሞተሪኖው መንገድ የሚመሰክሩት ነገር የለም። ሁለተኛው ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ገመዱን ለክቶ «ዜሮ አሳየኝ፣ ገመዱ ጤነኛ ነው» ማለት ነው። ይህ የሚያሳስተው መሣሪያ የያዘውን ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ የበለጠ ያሳዝናል። የተራ ቴስተር የራሱ ገመዶች ብቻ ከ0.1 እስከ 0.3 ኦም ተቃውሞ አላቸው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የሚያንስ ነው። በላስቲኩ ውስጥ ከመቶ ክሮቹ ዘጠና አምስቱ በዝገት አልቀው አምስቱ ብቻ የቀሩት ገመድም ኦም ላይ «ዜሮ» ያሳያል። ገመዱ ሥራ ላይ አልነበረምና።

የሚያስተማምነው ልኬት ሌላ ነው፤ አሠራሩም ቀላል። በመጀመሪያ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ ወደ ማቀጣጠያው ቦቢና የሚገባው፣ 15 ቁጥር ላይ ያለው ሽቦ ይነቀላል፤ ማርሹ ነጻ ይሆናል፤ የእጅ ፍሬን ይሳባል። ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ተደርጎ የባትሪው ቮልት ይነበባል። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፤ ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፤ በተራበ ባትሪ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ያው ቮልት እንደገና ይታያል። ለጥቂት ሰከንድ ሞተሩን እያዞረ ከ9.6 በላይ የሚቆም ባትሪ ሥራውን እየሠራ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ፖሎ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ በታሰረበት ብሎን ላይ ይደረጋል። በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ማለት ነው። ቁልፉ ሳይዞር ዜሮ ነው። ሲዞር የሚታየው ቁጥር በዚያ መንገድ ላይ የቀረው ቮልት ነው። እስከ ግማሽ ቮልት ይታገሡታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌባው እዚያ መካከል አለ። አንዷን ጫፍ ባለችበት ትቶ ሌላዋን ከብሎን ወደ ገመድ ጫፍ፣ ከገመድ ጫፍ ወደ ማሰሪያ፣ ከማሰሪያ ወደ ፖሎ እያቀረቡ መለካት ቦታውን በጣት እንደመጠቆም ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የቴስተሩ ጫፍ መቀመጥ ያለበት በራሱ በእርሳሱ ፖሎ ላይ እንጂ በማሰሪያው ላይ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለችው፣ አንዳንዴ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት መስላ የምትታየው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ የማትታይ ጥቁር ስስ ሽፋን የሆነችው ነገር ናት ብዙውን ባትሪ ያለ ጥፋቱ ያስጣለችው።

ቮልስን ልዩ የሚያደርጋት የሚቀጥለው ነው፤ ማሳው። ኤሌክትሪክ ከሞተሪኖው ወደ ባትሪው መመለሻ ያስፈልገዋል፤ መመለሻውም ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የመኪናው አካል ነው። ነገር ግን ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ጠፍጣፋ ገመድ ከሥር ታስሯል። ጭቃና ውኃ የሚረጨው፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ቦታ ነው። ካምቢዮ ወርዶ በተገጠመ ቁጥር ሊረሳ ይችላል፤ ባይረሳም በቀለምና በዝገት ላይ ይታሰራል። ይህ ገመድ ሲደክም ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የፍሪሲዮኑን ወይም የነዳጅ መስጫውን የብረት ገመድ ነው። ቀጭኑ ገመድ የሞተሪኖውን አምፔር ሲሸከም ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ከቤቱ ጋር ይጣበቃል። በዚህም ምክንያት ፍሪሲዮኗ የጠነከረ፣ ገመዷ በየጊዜው የሚበጠስ ቮልስ ስትመጣ ብልህ መካኒክ ከገመዱ አስቀድሞ ማሳዋን ያያል። አለካኩ ያው ነው፦ አንዱ ጫፍ ሞተሪኖው አካል ላይ፣ ሌላው በባትሪው ኔጌቲቭ ፖሎ ላይ፣ ቁልፉ ሲዞር ከ0.3 ቮልት ብዙ መብለጥ የለበትም። ሁለት ቮልት ካሳየ ያለምንም ክርክር ማሳው ነው።

ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳከሩ ይህ ዘዴ ከግምት ይለያል። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ባትሪው 10.5 ቮልት ይሰጣል እንበል። በፖዘቲቩ መንገድ 0.3፣ በማሳው መንገድ 1.9 ጠፋ። ለሞተሪኖው የቀረው 8.3 መሆን አለበት፤ ሞተሪኖው ላይ በቀጥታ ሲለካም 8.3 ይገኛል። የፊዚክስ ሊቁ ኪርሆፍ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1845 ያወጣው ሕግ ይህ ነው፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲደመር ባትሪው ከሰጠው ጋር መግጠም አለበት። ሳይገጥም ከቀረ የለካው ሰው የተሳሳተበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ተመልሶ ይለካል። ዕቃ በመቀየር የሚደረግ ምርመራ እንዲህ ዓይነት ራሱን የሚያርምበት መንገድ የለውም። መኪናዋ ከተነሣች «አገኘሁት» ይባላል፤ ካልተነሣች ሌላ ዕቃ ይገዛል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ የጆሮ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲሰማ የኖረ ሰው ቴስተር ምን ያደርግለታል? ይህ ተቃውሞ ክብር ይገባዋል፤ ድምፅ ራሱ ማስረጃ ነውና። ቁልፍ ሲዞር ጨርሶ ዝም ካለ ሞተሪኖውን ወደሚያበራው ሶሌኖይድ 50 ቁጥር የሚደርስ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን ይጠቁማል፤ ቁልፉ፣ ሽቦው ወይም ማገናኛው ይጠረጠራል። «ጭቅጭቅጭቅ» እያለ እንደ መትረየስ ከቆጠረ ቮልቱ ሸክም ሲመጣበት እየወደቀ ነው፦ ሶሌኖይዱ ይስባል፣ ሞተሪኖው ኃይሉን ሲጠጣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይስባል። «ዝዝዝ» ብሎ ሞተሩን ሳያዞር ከዞረ ጥርሱ ከቮላኖው ጋር አልተያያዘም። ጆሮ እስከዚህ ያደርሳል። ነገር ግን «ጭቅጭቅጭቅ» የሚለው ባትሪው ስለደከመ ይሁን ማሰሪያው ስለላላ በድምፁ አይለይም፤ የሁለቱም ውጤት የቮልት መውደቅ ነውና። አንዷ «ጭቅ» ደግሞ የተቃጠለ የሶሌኖይድ መገናኛ፣ ያለቀ ካርቦን፣ የደከመ ማሳ ሁሉ ልትሆን ትችላለች። በመዶሻ ሞተሪኖውን መታ መታ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ከተነሣ ካርቦኑ ወይም መገናኛው መጠርጠሩ ተገቢ ነው፣ ንዝረቱ የላላውን ማሰሪያ ነክቶት ሊሆን እንደሚችል ግን መረሳት የለበትም። ጆሮ ሰፈሩን ይነግረናል። የቤት ቁጥሩን የሚነግረን ልኬት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ነው፦ «ሞተሪኖ ቀየርን፣ ተነሣ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?» አለ እንጂ። ሞተሪኖ ሲቀየር የባትሪው ማሰሪያ ይፈታል፣ ይፋቃል፣ ይጠብቃል። በሞተሪኖው ላይ ያሉት ገመዶች ተፈትተው እንደገና ይታሰራሉ። የሞተሪኖው አካል ካምቢዮውን የሚነካበት ገጽ ይጸዳል። አንድ ዕቃ ተቀየረ ሲባል ቢያንስ አራት መገናኛ አብሮ ታድሷል፤ ምስጋናው ግን ለአዲሱ ዕቃ ብቻ ይሄዳል። አዲስ ባትሪም ያው ነው፤ ከአሮጌው ይልቅ ሸክም ስለሚችል መንገዱ ሁለት ቮልት ቢበላም ለሞተሪኖው የሚበቃ ያተርፋል፣ በሽታውን ለጥቂት ወር ይሸፍነዋል። በቮልስ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። የሞተሪኖዋ ዘንግ ጫፍ በብዙዎቹ ሞዴሎች የሚደገፈው በራሱ በሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ በተሰካ ትንሽ የነሐስ ቡሺንግ ነው። ይህ ቡሺንግ ሲበላ ዘንጉ ያዘነብላል፤ የሚዞረው ክፍል የቆመውን ይታከካል፤ ሞተሪኖው ብዙ አምፔር እየሳበ ትንሽ ያዞራል። አሮጌው ሞተሪኖ ወጥቶ አዲስ ቢገባ ቡሺንጉ እዚያው ካምቢዮው ውስጥ ነው የቀረው፤ አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ አሮጌው ይሆናል። ሰው ግን «ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ አይረባም» ይላል። ዋጋዋ ከሞተሪኖው ጋር የማይወዳደር፣ ከቀለበት ብዙም የማትተልቅ ነገር ናት።

ከሞቀች በኋላ አልነሣ የምትል ቮልስ ሌላው ታዋቂ እንቆቅልሽ ነው። ጠዋት ደኅና ትነሣለች፤ ዳገት ወጥታ፣ ሞተሯ ግሎ ለአምስት ደቂቃ ብትቆም ቁልፉ ሲዞር ዝም ትላለች። መንገዱን ስናይ ነገሩ ይገለጣል። ባትሪውም ሞተሪኖውም ከኋላ ናቸው፤ ቁልፉ ከፊት ነው። ለሶሌኖይዱ ትእዛዝ የሚያደርሰው ቀጭን ሽቦ ከኋላ ተነሥቶ እስከ መሪው ይሄዳል፣ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፣ ተመልሶ ወደ ኋላ ይመጣል። ሶሌኖይዱ ሲስብ ደግሞ ቀላል አምፔር አይጠይቅም። በዚህ ላይ መዳብ በሞቀ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወጣ ጭማሪው ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ጠዋት ለጥቂት ይበቃ የነበረው ቮልት ከሰዓት አይበቃም። የተለመደው መፍትሔ ሞተሪኖው አጠገብ ሪሌ መጨመር ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፣ ሪሌው ደግሞ ከወፍራሙ ገመድ አጭር መንገድ ይሰጣል። መጥፎ መፍትሔ አይደለም። ነገር ግን ከመጨመሩ በፊት ቁልፉ ሲዞር 50 ቁጥር ላይ ስንት ቮልት እንደደረሰ መለካት ይገባል። ባትሪው 12 እየሰጠ እዚህ 8 ከደረሰ፣ አራቱ ቮልት በቁልፉ ውስጥ ወይም በአንድ በተቃጠለ ማገናኛ ላይ እየነደደ ነው፤ ሪሌው ምልክቱን ያጠፋል፣ የሚነደው ቦታ ግን ለሌላው ኤሌክትሪክ ሁሉ እንደነደደ ይቀጥላል። ካቻቢቴ ይዘው ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበትን 30 ቁጥር ከ50 ጋር በማገናኘት የሚያስነሡም አሉ። እንደ ምርመራ ካየነው ትርጉም አለው፤ ከተነሣ ጥፋቱ ከቁልፉ በኩል ነው። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ግን በሰው ላይ ትሄዳለች፤ ስንት ሰው የተጎዳው እንዲህ ነው።

እስካሁን ስለ ማዞር አወራን፤ ሞተሩ እየዞረ እሳት ካልያዘስ? ብዙ ሰው ይህን ፍጹም ሌላ በሽታ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱ ግን ከአንድ ባትሪ ነው የሚጠጡት። የአሮጌዋ መኪና የማቀጣጠያ ሥርዓትም የኬተሪንግ ሥራ ነው፦ ኮንታክት ፖይንቱ ሲዘጋ በቦቢናው ጉልበት ይጠራቀማል፤ ሲከፈት ድንገት ይቋረጥና በሺሕ የሚቆጠር ቮልት ወደ ካንዴላው ይሄዳል። የቮልስ ቦቢና ተቃውሞ ወደ 3 ኦም ነው፤ 12 ቮልት ሲያገኝ 4 አምፔር ያልፍበታል። ሞተሪኖው ኃይሉን ሁሉ ጠጥቶ ለቦቢናው 8 ቮልት ብቻ ቢቀርለት አምፔሩ ወደ 2.7 ይወርዳል፤ የሚጠራቀመው ጉልበት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ከግማሽ በታች ይሆናል። ካንዴላው በደካማ እሳት ቀዝቃዛ ቤንዚን ማቃጠል ያቅተዋል። ስትገፋ የምትነሣውም በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሲገፏት ሞተሪኖው አይሠራም፣ ቮልቱ አይወድቅም፣ ቦቢናው ሙሉ ድርሻውን ያገኛል። ያ ቁልቁለት ላይ የተሰጠ ፍርድ እንግዲህ ሞተሪኖውን ከባትሪው፣ ባትሪውን ከማሳው ሳይለይ ነበር የተሰጠው። ደስ የሚለው ደግሞ አለካኩ እዚህም አንድ መሆኑ ነው። ቁልፉ በርቶ፣ ፖይንቱ ተዘግቶ ሳለ በቦቢናው 15 ቁጥር ላይ ከባትሪው ብዙ የማይለይ ቮልት መኖር አለበት፤ 1 ቁጥር ላይ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ። 1 ቮልት ካሳየ የፖይንቱ ገጽ ተቃጥሏል ወይም ዲስትሪቢውተሩ ማሳ አጥቷል። ገጹ ተጠርጎ ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይስተካከላል። ልኬቱ እንዳለቀ ቁልፉ ይዘጋ፤ ፖይንቱ ተዘግቶ ሲቆይ ቦቢናው ይግላል።

የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ጉዳይ ያለ ሥራው ይወቀሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ይቸገራል፤ በካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት እንዲዘል የሚያስፈልገው ቮልት ግን በሳሳ አየር ያንሳል እንጂ አይበዛም። የሚጎዳው በሐምሌ እርጥበት በዲስትሪቢውተሩ ክዳን ውስጥ የሚያስቀረው ጤዛ ነው፤ ከዕለቱ አቧራ ጋር ሲገናኝ ለእሳቱ ያልታሰበ መንገድ ይከፍትለታል። ክዳኑን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም። መካኒኩ መለካት ቢያውቅ እንኳ ማን ይከፍለዋል? ደንበኛው አዲስ ሞተሪኖ በካርቶን ሲያይ ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል። አንድ ሰዓት ለክቶ፣ ከሥር ገብቶ አንድ ብሎን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መልሶ ላሰረ ሰው ግን «ምን ሠራህና?» ይለዋል። ስለዚህ መካኒኩ ዕቃ መቀየርን ቢመርጥ ስንፍና ብቻ አድርገን ልናየው አይገባም፤ የምንከፍለው ለዕቃ እንጂ ለማወቅ ስላልሆነ ነው። እኔ ግን ይህን አሠራር ደንበኛው ራሱ ሊለውጠው ይችላል ባይ ነኝ። «ሞተሪኖ ቀይርልኝ» ብሎ መግባት ቀርቶ «ቁልፉ ሲዞር በማሳው ስንት ቮልት ጠፋ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለመልሱም ቢከፍል፣ ጋራዡ መልሱን ማቅረብ ይጀምራል። ርካሽ ቴስተር ልክ አይደለም ለሚሉም መልስ አለ፦ የምንፈልገው 0.3ን ከ2 መለየት ነው፤ ይህን ደግሞ ርካሹም ይለያል። ጭራሽ ቴስተር ከሌለም የባትሪ ማዋሻ ገመድ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ፖሎ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ጨብጦ ቁልፉን ማዞር ነው፤ ሲንፏቀቅ የነበረው ሞተር በፍጥነት ከዞረ ማሳው ተገኘ።

ልኬት ዕቃውን ጥፋተኛ የሚያደርግበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ያለ ጸጸት መቀየር ነው። ሞተሪኖው ላይ፣ ከብሎኑ እስከ ራሱ አካል፣ ቁልፉ ሲዞር ከ10 ቮልት በላይ እየደረሰ ካላዞረ ወይም እያቃሰተ ከዞረ መንገዱ ነጻ ወጥቷል። ሞተሩ በእጅ ሲዞር የተያዘ ነገር አለመኖሩ ይረጋገጥና ሞተሪኖው ይወርዳል፤ ሲወርድ የካምቢዮው ቡሺንግ ይታያል፤ ካርቦኑ ይለካል፤ የሶሌኖይዱ የመዳብ መገናኛ ተበልቶ እንደሆነ ይከፈታል። ሥራው ሲጀመር ኔጌቲቩ ቀድሞ ይፈታ፣ ሲያልቅ መጨረሻ ይታሰር። ቮልስ ላይ የባትሪው ክዳን መመለሱን ማየትም ያስፈልጋል፤ የኋላ ወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ ፖሎውን ከነካ እሳት ይነሣል።

መኪናዋ ጤነኛ በሆነችበት ቀን አንድ ጊዜ ቢለካ ከሁሉ ይሻላል። ባትሪው አርፎ ሳለ፣ ሞተሩ ሲዞር፣ ፖዘቲቩ ላይ፣ ማሳው ላይ፣ 50 ቁጥር ላይ፤ አምስት ቁጥር ከነቀኑ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። በሚቀጥለው ኅዳር ማለዳ «ጭቅ» ስትል ወረቀቱ ላይ 0.2 የነበረው ማሳ 1.4 ሆኖ ከተገኘ፣ የሚያስፈልገው 13 ቁጥር ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽና ለመተኛ የሚሆን ካርቶን ነው።